የአያ አላምረው ጠፍር

ካሰች ለእንግዳ ክፉውን ሰጥታ ደጉን ለራሷ አስቀርታ አታውቅም። ጥፋቷም የመጣው ከዚሁ ነው።

ቤቷ ከአይከል ወረድ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ካለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። ጎረቤት አለ ቢባልም ከጉብታ ላይ ቆመው ካልጮሁ አይሰማም። ባሏ ይበልጣል ሲሞት ላሙንም በሬውንም ጥጃውንም ለሷ ጥሎ ሄደ። እሷም ስታልብ፣ ስታግድ፣ በረት ስታዛውር ወገቧ ሳያርፍ ከረመች። የሟች ታላቅ ወንድም አያ አላምረው ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «ሴት ብቻዋን በዚህ ሜዳ ከብት ይዛ እስከ መቼ ነው? ጎንደር ልጇ ዳግማዊት ዘንድ ትግባና ትረፍ፤ ከብቱ ከእኔ በረት ይቀላቀል» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሽማግሌም እንደ ሽማግሌ መሀል መሀሉን ሄደ። ካሰች እስከ ጥምቀት ትሞክር፤ ቦታው ካኖራት ትኑር፤ ካላኖራት በበዓሉ ማግስት አያ አላምረው ከብቱን ይንዱት ተባለ።

አያ አላምረው ያን ቀን ቤታቸው ገብተው የበሬ ቆዳ አወጡ፤ ጠፍር መግመድ ጀመሩ። የካሰችን ላሞች አስረው የሚወስዱበት ነው። ሥራውን ጓሮ ቢሠሩት ምን ነበረበት? የለም፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው የሚገምዱት። ካሰች ወፍጮ ቤት ስትሄድ ታየዋለች፣ ስትመለስም ታየዋለች፤ ጠፍሩ በየቀኑ ይረዝማል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሷም ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች።

ተስፋዋ ጃቢር ነበር። ጃቢር የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው። አያት ቅድመ አያቱ ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ዕቃ ማመላለሱን ትቶ ሰው ማመላለስ ያዘ። የሚያመላልሳቸው ሰዎች ደግሞ ጉድ ናቸው፤ ቤታቸውን በማኪና ጭነው የሚዞሩ ፈረንጆች። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ እዚያው ማኪናው ውስጥ ነው። የሚቸግራቸው ማደሪያ ሳይሆን ማቆሚያ ነው፤ ውኃ ያለበት፣ ጸጥ ያለ፣ ሌባ የማያሰጋበት ሜዳ። ጃቢር አንድ ቀን ወተት ሊጠጣ ጎራ ብሎ ሜዳዋን ሲያይ ዐይኑ እዚያው ቀረ።

«እትዬ ካሰች» አላት፣ «የከተራ ዋዜማ ሦስት ቤት ማኪና ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ዘንድ ያድሩና በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጎንደር ገብተው ታቦት ሲወርድ ያያሉ። ከባሕር ማዶ የመጡት ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ደኅና ካደሩልኝ ከእንግዲህ ማረፊያዬ እዚህ ነው፤ ካልሆነ ግን መንገድ ዳር ሌላ ቦታ አይቻለሁ፤ አይቀየሙኝ።»

«ምነው እቀየማለሁ? አንተ ብቻ አምጣቸው» አለችው።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ካሰች ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ጠበቀቻቸው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ። በዚያ አገር በረት አንድ ቦታ አይቆይም፤ መሬቱ እንዲዳብር እያነሡ ያዛውሩታል። ከብት ያደረበት መሬት ብሩክ ነው፤ ድንጋዩ ተለቅሞ ያለቀ፣ የተስተካከለ፣ ሙቀት ያለው። ካሰች ከሜዳዋ ሁሉ የምትኮራበት ቦታ ይኸው ነው። ለነዚያ እንግዶች ስትል ከብቶቿን አስነሥታ በረቱን ወደ ዳገቱ አዛወረች፤ ቦታውን ጠረገች፤ ማኪኖቹን እዚያ አቁሙ አለች።

ጃቢር ከመንገዱ አጠገብ ያለውን ድንጋያማ ተረተር አየት አድርጎ፣ «እዚያኛው አይሻልም ወይ?» ቢላት ተቆጣች።

«እንግዳ ድንጋይ ላይ ላሳድር? እኔ ካሰች? ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁህ?»

ጃቢርም አፍሮ ማኪኖቹን እሷ ባለችው ቦታ አስቆመ። እንግዶቹ ትኩስ ወተት ጠጥተው፣ ላሞቹን ፎቶ አንሥተው፣ ደስ ብሏቸው ተኙ።

ያን ሌሊት ዘነበ። በጥር ዝናብ ማን ይጠብቃል? ያውም እንዲያ ያለ፣ ጣራ የሚደበድብ። ጧት ካሰች ብቅ ስትል ቤት ማኪኖቹ አጥረው ታዩዋት። ዐይኗን አሸች። አላጠሩም፤ ገብተዋል። ያ ከብት የረገጠው፣ ፍግ የጠጣ ለስላሳ መሬት ውኃ ሲያገኝ ማጥ ሆኖ ጎማውን ውጦታል። ሾፌሮቹ ሞተር አስነሥተው ነዳጅ ሲረግጡ ጎማው እየተሽከረከረ ጭራሽ ጠለቀ፤ ጭቃው የካሰችን ነጭ ነጠላ አዥጎረጎረው።

ጃቢር ራሱን ይዞ ቆሟል። «እትዬ፣ ታቦት ሲወርድ ካልደረስን እኔም አለቀልኝ።»

እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ አለች ካሰች በልቧ። ድንጋዩ ላይ ቢያድሩ ምን ይሆኑ ነበር? ማልቀስ አማራት። ግን ለቅሶ ማኪና አያወጣም። ነጠላዋን አደግድጋ ጉብታው ላይ ወጣችና ጮኸች፦

«የወንፈል ያለህ! በሬ ያለው በበሬው፣ ቀንበር ያለው በቀንበሩ ድረሱልኝ!»

ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ። ይበልጣል በሕይወቱ ሳለ በሬው ያልዋለበት ማሳ የለም፤ እሷም ካለፈ ወዲህ አላቋረጠችም። ስለዚህ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ እየነዳ መጣ። አወቀ መጣ፣ ዕንባቆም መጣ፣ አድማሴ ከነወንድሞቹ መጣ። ከሁሉ በኋላ አያ አላምረው ሁለት ግዙፍ በሬዎቻቸውን አስቀድመው፣ ያን የጠፍር ጥቅልል ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ደረሱ። የበዓሉን ማግስት መጠበቅ አቅቷቸው ነው መሰል ይዘውት ነው የመጡት።

ማኪኖቹን አዩ። ካሰችን አዩ። ጢማቸውን ዳበሱ።

«ምነው ካሰች፣ የሰው ቤት ቀበርሽ?» አሉ። «ደግሞስ ዛሬ ከተራ አይደለም ወይ? በሬ ይጠመዳል?»

«አያ አላምረው» አለች ካሰች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል ይላል መጽሐፉ። እንግዳስ ከበሬ ያንሳል?»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም በሬዎቻቸውን ወደ ጥማዱ ነዱ።

ቀንበር ከቀንበር አያያዙና ጥማዱን ሁሉ በአንድ መስመር አሰለፉት። ፈረንጆቹ ያመጡትን የናይለን ገመድ አሰሩ። ከዚያ ሁሉም ለየበሬው ይጮህ ገባ፤ አንዱ «ሳብ»፣ አንዱ «ና»፣ አንዱ በጅራፍ። በሬ የሚሰማው የጌታውን ድምፅ ነው፤ አንዱ ጥማድ ሲስብ ሌላው ይቆማል፣ የቆመው ሲነሣ የሳበው ይደክማል። ገመዱ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲጎተት ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ጃቢር ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ።

ካሰች ወደ አያ አላምረው ሄደች። «ጠፍሩን ያውሱኝ።»

ጠፍሩ ለምን እንደተገመደ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። አያ አላምረው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ዙሪያቸውን ቢያዩ ሰው ሁሉ እሳቸውን ያያል። እንግዳ ማጥ ውስጥ ሰምጦ ሳለ ጠፍር ነፈገ ሊባሉ ነው? ከትከሻቸው አውርደው ሰጧት።

«መልካም» አለች፣ «አሁን ደግሞ የውቂያውን ዜማ ያውጡልን። በሬው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ድምፅ እሱ ነው፤ ዐውድማ ላይ አብረው የዞሩበት።»

እውነቷን ነው። በውቂያ ጊዜ የሁሉም በሬ አንድ ዐውድማ ላይ ሲዞር፣ ዜማውን የሚያወጣው ድሮ ይበልጣል ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ አያ አላምረው ናቸው። እሳቸው ግን ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«በሬ አልሽኝ፣ በሬ አመጣሁ። ጠፍር አልሽኝ፣ ሰጠሁ። ጉሮሮዬ የወንፈል አይደለም» አሉ።

ሰው አጉረመረመ። ካሰች ግን አልለመነችም። ጠፍሩን በእጇ አስራ፣ ከጎማው ሥር ጭድና ጭራሮ አስጎዝጉዛ፣ ከጥማዱ ሁሉ ፊት፣ የገዛ በሬዋ የዳለቻ ግንባር አጠገብ ቆመች። ሴት ዐውድማ አትገባም፣ ዜማውንም አታወጣም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እሷ ግን ስንት ዓመት ከአጥሩ ወዲያ ሆና ባሏን ሰምታዋለች። አፏን ከፈተች፦

«ዙር በሬ፣ ዙር በሬ፣ ዐውዱን ዙርልኝ፣
ምርቱን ከገለባው እግርህ ይለይልኝ።»

ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «ሆ በሬ፣ ሆ» ብሎ መቀበል ያለበት ወንድ ሁሉ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ዳለቻ ግን ጆሮውን አቆመ። ከኋላው ያሉትም አንድ በአንድ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። በሬ የማን ጉሮሮ ነው ብሎ አይጠይቅም። ካሰችም ያን ስታይ ፍርሃቷ ለቀቃት፤ ሜዳው እስኪያስተጋባ ለቀቀችው፦

«ዳለቻ ይምራ፣ ቦራ ይከተል፣
ያበረ ካልሆነ ብቻውን ማን ይችል።»

ይህን ስንኝ ይበልጣል ነበር የሚወደው። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «ሆ በሬ፣ ሆ» አለ። ካሰች ዘወር አላለችም፤ መዞር አላስፈለጋትም። አያ አላምረው ናቸው። የወንድማቸውን ስንኝ ሰምተው ዝም ማለት አልቻሉም፤ ክንዳቸው ተፈትቷል፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። እሳቸው ሲቀበሉ ሁሉም ተቀበለ። «ሆ በሬ፣ ሆ።» ጥማዱ ሁሉ እግሩን በአንድ ላይ አነሣ፤ ጠፍሩ ተወጠረ፤ ጮኸ፤ አልተበጠሰም። ማጡ የያዘውን ላለመልቀቅ ጥቂት ታገለና ቤት ማኪናው ወጣ። አንዲት ፀጉሯ የነጣ ፈረንጅ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስትገፋ ነበርና በደረቷ ተደፋች፤ ተነሥታ እሷም «ሆ በሬ» አለች።

ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው አልከበደም። ካሰች ታወጣለች፣ አያ አላምረው ይቀበላሉ። እየቆዩ ደግሞ እሳቸው ሲያወጡ እሷ ትቀበል ጀመር፤ ማን ማንን እንደሚመራ መለየት ቀረ። ፀሐይዋ ሞቅ ሳትል ሦስቱም ማኪኖች ድንጋያማው ተረተር ላይ፣ መጀመሪያውኑ መቆም በነበረባቸው ቦታ፣ በጭቃ ተለስነው ተሰልፈው ቆሙ።

ጃቢር የካሰችን ትከሻ ሳመ። «እንደርሳለን፤ ኢንሻአላህ ደግሞም እንመለሳለን» አለ። «እንግዶቹ ከጥምቀት በኋላ ሌላ ቦታ አንሄድም፣ እዚሁ መልሰን ብለውኛል። ከእንግዲህ ማረፊያዬ እዚህ ነው።»

«ድንጋዩ ላይ» አለች ካሰች።

«ድንጋዩ ላይ» አለ ጃቢር እየሳቀ።

ማኪኖቹ አቧራ ሳይሆን ጭቃ እየበተኑ ወደ ጎንደር ሄዱ። ባለ ወንፈሉም ታቦት ሊያጅብ ወደየቤቱ ተበተነ። ካሰች ጠፍሩን በውኃ አጥባ፣ ጭቃውን አስለቅቃ፣ ጠቅልላ ወደ አያ አላምረው አመጣችው። የተቀጠረው ቀን ቀርቧል፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«ይኸው ጠፍርዎ፣ አያ አላምረው።»

አያ አላምረው ጠፍሩን አዩት፤ አልተቀበሏትም። በሬዎቻቸውን አስነሡ።

«እዚሁ ይቀመጥ» አሉ። «ሸጋ ጠፍር ነው። ሌላ እንግዳ ሲመጣ ያስፈልግሻል።»

ጥቂት ሄድ ብለው ዘወር አሉ። «የሁለተኛውን ስንኝ ዜማ ግን አሳጥረሽዋል። ይበልጣል ረዘም ያደርገው ነበር።»

«በሚመጣው ውቂያ ዐውድማው ላይ ያሳዩኛላ» አለች ካሰች።

አያ አላምረው ሴት ዐውድማ አትገባም አላሉም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በሬዎቻቸውን እየነዱ ወረዱ፤ ካሰችም ጠፍሩን ከቤቷ ምሰሶ ላይ፣ የይበልጣል ጅራፍ ከሚሰቀልበት አጠገብ ሰቅላ፣ ላሞቿን ልታልብ ወደ በረቷ ወጣች።