የንጉሡ ጤና

ዘፋኟን ከቴአትር ቤቱ አለቃ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም የሚጠራት "ልዕልት" እያለ ነው። ፀጉሯ ከሸበተ ቆይቷል፤ ልዕልትነቱ ግን አልለቀቃትም። ሙዚቃዊ ተውኔቱ በታየ ቁጥር ወታደሩ ይገባና "ልዕልት ሆይ፣ አባትሽ አረፉ" ይላታል፤ እሷም ተንበርክካ ሙሾዋን ታወርደዋለች። ዘንድሮ ሚናውን ለአንዲት ለግላጋ ልጅ ሰጡባት። ዕድሜዋን የጨረሰችባቸው ዘፈኖች ከነነፍሳቸው ሌላ አፍ ውስጥ ሊገቡ ነው። እሷም በጃዝ ስልት ዘፍና በአልበም ልታስቀራቸው ቆረጠች። ሌሎቹ ተቀድተው አልቀዋል፤ የቀረው ሙሾው ብቻ ነበር፤ ስቱዲዮውም የእሷና የሙዚቀኞቹ የሚሆነው እስከዚያው ዕለት ማምሻ ነው።

ፒያኖ ተጫዋቹ መግቢያውን መታ። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ደግሞ መታ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ክፍል ወጥቶ፣ ጥፋቱ የማይክሮፎኑ ይሆናል ብሎ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ነገሩ የገባት በሩ አጠገብ ካፖርቷን ታቅፋ የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ ነበረች።

"እትዬ፣ ማንም አልነገረሽም እኮ።"

እውነቷን ነው። እንደ መድረኩ ወታደር ገብቶ የአባቷን ሞት ያረዳት የለም። ልዕልት አፈር እያለች አንድ ሰው እንዲያረዳት ለመነች። ፒያኖ ተጫዋቹ ሁለቱም እጄ ተይዟል አለ። የድምፅ ባለሙያው መርዶ በመስታወት ማዶ አይነገርም ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ነገሩ ድራም መቺው ላይ ወደቀ። እሱ ደግሞ ጃዝ ሲመታ ያረጀ፣ አንዱን ነገር ሁለቴ በአንድ ዓይነት መንገድ መናገርን ከሌብነት የሚቆጥር ሰው ነው።

መጀመሪያ እንደ ደንቡ "አባትሽ አረፉ" አላት። ሙሾው እንደ ጎርፍ ወረደ። ክፋቱ ግን በጣም ፈጠነ። ፒያኖ ተጫዋቹ አስቆማትና ጃዝ የወታደር ሰልፍ አይደለም፣ ከምቱ ኋላ ኋላ እያሉ ይምጡ ብሎ በትሕትና ነገራት። ከጠዋት ጀምሮ የሚነግራትም ይህንኑ ነበር።

በሁለተኛው ቅጂ ድራም መቺው ጉሮሮውን ጠረገ። "አባትሽ ትንሽ ተሽሏቸዋል።"

ልዕልት ዘወር ብላ አየችው። "አረፉ ነው የሚባለው።"

"ቅድም አረፉ አይደል? በአንድ ቀን ስንቴ ልግደላቸው? ሰውዬው ምን በደሉ?"

ባስ ተጫዋቹም አብሮ ገባበትና ሾርባ እንደቀመሱ መሰከረ። በሦስተኛው ቅጂ አልጋቸው ላይ ቀና አሉ። በሚቀጥለው ጫማቸውን ጠየቁ። ጫማ ለሚፈልግ ሰው እንዴት ሙሾ ይወረዳል? የልዕልት ድምፅ ጭራሽ አልወጣ አለ። ይባስ ብላ እህቷ የትኛውን ጫማ ነው የጠየቁት አለች።

ልዕልት ተቆጣች፤ ለመነች፤ በመጨረሻ የፒያኖው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ልጅቷ መድረክ ላይ ስትወጣ የእኔ ድምፅ የትም አይኖርም" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "ይሄ ብቻ ነው ያለኝ።"

የሳቀ አልነበረም። ባስ ተጫዋቹ ያልላላ ክር ሲያጠብቅ፣ ድራም መቺው ዱላዎቹን አስቀምጦ ለስለስ አድርጎ የሚመታበትን ብሩሽ አነሳ፤ አሁን እንደሚሆን አድርጌ እነግርሻለሁ ብሎም ቃል ገባላት። ተነስታ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ሁሉም የንጉሡን ሞት መጠበቅ ያዘ።

"አባትሽ በር ላይ ናቸው" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዘፈንሽን ልስማ ብለው ነው የመጡት።"

ልዕልት ወደ በሩ ዞረች። ፒያኖ ተጫዋቹ ለቁጣ ጊዜ ሳይሰጣት መግቢያውን ጀመረ። አባት ደጅ ቆመው ምን ይደረጋል? በቁሙ ላለ ሰው ስታለቅስ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘች ሴት አንገቷን ደፍታ ጀመረች። "ቤቴ ጨለመ" የሚለው ምቱ ካለፈ በኋላ መጣ። "ማን ያበራዋል" የሚለው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ፣ መልሱን ከበሩ እንደሚጠብቅ ሁሉ እየተንጠለጠለ ወጣ። ፒያኖ ተጫዋቹ ቀና ብሎ አያት፤ ጣቶቹን ግን አላቆመም። ሙሾው አለቀ። እህቷ ቀስ ብላ ተነሥታ ወንበሯን ከበሩ ፈቀቅ አደረገች።

የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ማዶ ሸጋ ነው አለ፤ ትንሽ ሰዓት ስለተረፈ ለማንኛውም አንዴ እንዲደገም ጠየቀ።

ልዕልት ድራም መቺውን በጎን አየችው።

"ይቅር" አለች። "አሁን ደህና ናቸው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን እንደሚያደርጋቸው አይታወቅም።"