ከስድስቱ ቴምብሮች ሁለቱ

እናንተ ብትሆኑ፣ የዋጋውን ግማሽ ብቻ ለላከ፣ ፊቱን አይታችሁት ለማታውቁት ሰው፣ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ አሽጋችሁ ትልኩለት ነበር? ይህን ጥያቄ ራሴን ስንት ጊዜ እንደ ጠየቅሁ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን አልልክም እላለሁ፤ በማግሥቱ ምነው እጄን በሰበሰብሁ እላለሁ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ማለቂያ ላይ ነው። የልጅ ልጄ ሰብሌ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። እናቷ ስትሞት የሦስት ዓመት ሕፃን ሆና እጄ ላይ ቀረች፤ እኔው አሳደግኋት። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ ከላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ አጣቢ ሆና ገባች። ማታ ስትገባ ጣቶቿ በበረኪና ተልጠው አያለሁ፤ ቅቤ ልቀባት ስል «ይሸታል፣ ተይኝ» ትለኛለች።

ከዚያ ደብሪቱ የምትባል ደላላ ከወልድያ መመላለስ ጀመረች። ልጃገረዶችን ወደ ቤሩት የምትልክ ናት። የጎረቤቴ የባንችይርጋ ልጅ በእሷ በኩል ከሄደች አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ደወለች፣ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ባንችይርጋ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የሰው ስልክም ቢሆን፣ ከተቀመጠችበት ትነሣለች። ይህን ዕለት በዕለት እያየሁ ነው እንግዲህ ሰብሌ አንድ እሑድ ልብሷን እያጣጠፈች፣

«እምዬ፣ እስከ ጥቅምት እጠብቃለሁ» ያለችኝ። «የኮሌጁን ክፍያ ካገኘሁ ወልድያ ሄጄ ነርስነት እማራለሁ። ካላገኘሁ ቤሩት ነው።»

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ክፍያው ይገኝበታል የተባለው ቴምብር ነበር። ባለቤቴ ወርቅአገኘሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ላሊበላ የፖስታ ወኪል ነበር። ሌላው ሰው ከብት ሲያረባ የኔው ባል ቴምብር ያረባል እያልሁ እስቅበት ነበር። ሲሞት የተወልን ሀብት ቴምብር የሞላበት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ሰብሌ ገና በልጅነቷ የዚያ ቆርቆሮ ፍቅር ያዛት። በወረንጦ እያነሣች፣ በየዓመተ ምሕረቱ እየለየች ስትደረድር ትውል ነበር። ሆቴሉ ያረፈች አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቴምብሩን የምትደረድርበትን ደብተር አይታ፣ በየአገሩ ያሉ ቴምብር ሰብሳቢዎች በኢንተርኔት እየተገናኙ የሚሻሻጡበት ቦታ እንዳለ ነገረቻት። ሰብሌም ስሟን አስመዝግባ ገባች።

እኔ ዐርፌ መቀመጥ አልቻልሁም። አንድ ቀን ተከትያት ከአደባባዩ ከፍ ብሎ ወዳለው ወደ ምስጋኑ ኢንተርኔት ቤት ሄድሁ። ሦስት ኮምፒውተር አለው፤ አንዱ ሁልጊዜ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው።

«ዋሱ ማነው?» አልሁት ምስጋኑን።

«የምን ዋስ፣ እማማ?»

«ሰውየው ዕቃውን በልቶ ቢቀር የሚጠየቅ ነዋ!»

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለና ሳቀ። «መብራት ከጠፋ ግን እንዳይጠይቁኝ።»

«አንተ ዋስ! የእግርህ ጫማ እንኳ ገና በዱቤ ነው» አለችው ሰብሌ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «እዚህ ዋሱ ስም ነው፣ እምዬ። ሰባት ጊዜ ሸጫለሁ። ሰባቱም ‹እንዳለችው አድርጋ ላከች› ብለው ጽፈውልኛል፤ ይኸው፣ ማንም ገብቶ ያነበዋል። አንዴ ያጭበረበረ ሰው ግን ስሙ ይለጠፍና ሁለተኛ ማንም አይገዛውም።»

«ብሩስ እንዴት ይመጣል?»

«እነሱ አንዱ ለሌላው በካርድ ነው የሚከፍሉት። በዚያ መንገድ የእኛ አገር አይገባም። ለኔ በሐዋላ ነው የሚልኩት፤ የሚስጥር ቁጥሩን ይጽፉልኛል፣ ባንክ ሄጄ እቀበላለሁ። ሐዋላ ደግሞ አንዴ ከተቀበሉት አይመለስም። ስለዚህ ይፈሩኛል።»

«አንቺን?»

«እኔን ነዋ። በእነሱ በኩል ሲታይ የማትታወቀዋ እኔ ነኝ።»

ይህን ያለችውን ያኔ ከልቤ አላስገባሁትም።

ሄንድሪክ የሚባል ሰው የመጣው በሐምሌ ነው። የቤልጅግ ሰው፣ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ። የፈለገው አንድ ፖስታ ነበር። ወርቅአገኘሁ ሥራ በጀመረበት ቀን ስድስት ቴምብር ለጥፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ለገዛ ራሱ የላከው ፖስታ። ሰው ለራሱ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ ብዬ ያኔ ለሰፈሩ አውርቼበታለሁ። ሄንድሪክ ለዚያ ፖስታ ዘጠኝ መቶ ዩሮ እከፍላለሁ አለ። ግማሹን አስቀድሞ ሊልክ፣ ግማሹን ደግሞ ፖስታው ሲደርሰው ሊልክ ተስማሙ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሳይዘገይ ላከ። ሰብሌ ከባንክ ከአሥር ሺህ ብር በላይ ይዛ ስትወጣ እኔ በር ላይ ሆኜ ቦርሳዋን ሳይሆን የሰውን ዓይን ነበር የምጠብቀው። በሳምንቱ ወልድያ ሄዳ ለኮሌጁ የአንደኛውን ዓመት ከፈለች። ደረሰኙን ደጋግማ ስታነበው አየኋት። የቀረው ብር ሲመጣ የሁለተኛው ዓመት ነው።

«ባይልክስ?» አልኋት።

«ይልካል።»

«በምን አወቅሽ?»

«እሱስ በምን አወቀኝ? ልኮ የለም ወይ?»

«የኔ ልጅ፣ አያትሽ በቅሎውን ለኩልመስክ ሰው ሲሸጥ ግማሹን ተቀብሎ በቅሎዋን ሰጠ፤ ኮርቻዋን ግን ቤት አስቀረ። ሰውየው እስከ ፋሲካ ድረስ ጠፋ። በኋላ ኮርቻው ቆጭቶት ብሩን ይዞ መጣ። መያዣ ያልተያዘበት ነገር ይጠፋል።»

«ሄንድሪክ በቅሎ አልገዛም፣ እምዬ» ብላ ሳቀች፤ ግንባሬን ስማኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፖስታው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ካርቶን መካከል ሆኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በማግሥቱ ከፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ልትልከው ነው። እኔ ብቻዬን ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። ያ ሰው ፖስታውን ተቀብሎ ዝም ቢል ማን ላይ እንጮሃለን? የትኛው ሽማግሌ ባሕር ተሻግሮ ይሄድልናል? የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ቢቀር ሰብሌ ኮሌጁን ትታ ደብሪቱ ዘንድ ትሄዳለች። ይህ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ያን ጊዜ ኮርቻው ትዝ አለኝ።

ውኃ አፈላሁ። ወርቅአገኘሁ ቴምብር በእንፋሎት ሲያላቅቅ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ላስቲኩን ቀስ ብዬ ፈታሁ፣ የፖስታውን ጥግ እንፋሎቱ ላይ ያዝሁ፣ በጣት አይነካም ስለምትለኝ በራሷ ወረንጦ ሁለቱን ቴምብሮች አነሣሁ። አልተቀደዱም። እንዲያውም በእጄ ደስ አለኝ። አራቱ ለግማሹ ዋጋ ይበቃሉ፤ ሁለቱ ቀሪው እስኪመጣ ድረስ እኔ ጋ ይቆያሉ፤ ሲከፍል እንልክለታለን። ሥራዬ እንዲህ ቀና ሆኖ ነበር የታየኝ። ፖስታውን አድርቄ፣ እንደነበረው ጠቅልዬ፣ ቦታው መለስሁት። ሁለቱን ደግሞ በመዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ደበቅሁ። ለሰብሌ ያልነገርኋት እንደማትፈቅድ ስለማውቅ ነው። እሷም በማግሥቱ ካርቶኑን ሳትፈታ ወሰደችው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን በቀትር፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። በሩን አልዘጋችም።

«አራት ነው የደረሰኝ ይላል። ስሸጥ ያወጣሁትን፣ ስድስት የሚታይበትን ፎቶ ከጎኑ ለጥፎ ለሁሉም አሳይቶታል» አለች። «መንገድ ላይ ሰረቁት አልሁ። ካርቶኑ አልተነካም አለኝ። የነካው ማነው? ይህን ቤት ከኔና ካንቺ ሌላ የሚገባበት የለም።»

ዳዊቴን ከፍቼ አሳየኋት። «ይኸው፣ አልጠፋም። መያዣ ነው። ቀሪውን ይላክ፣ እኛም እንልካለን። ልጄ፣ ንገሪው፣ አንድም አልጎደለም።»

ሁለቱን ቴምብሮች ዐይታ ዐይታ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ማኅተሙ ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ነበር ያረፈው» አለች ቀስ ብላ። «የሚፈልገው እሱን ነበር፤ ቴምብሩና ማኅተሙ ሳይለያዩ ሃምሳ ዓመት መቆየታቸውን። አሁን ተቆረጠ። ሙጫውም የለም፣ ወረቀቱም በእንፋሎት ተኮማትሯል። መልሼ ብለጥፈው አስመሳይ ይሉኛል። በቃ፣ አበቃ።»

«አላወቅሁማ!»

«መጠየቅ ነበረብዎ» አለችኝ። በሕይወቷ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

በነጋታው እሷ ሥራ ስትሄድ ሁለቱን ቴምብር ይዤ ምስጋኑ ዘንድ ሮጥሁ። ጉልበቴን እያመመኝ ዳገቱን አራት ጊዜ ዐረፍሁበት።

«ጻፍልኝ» አልሁት። «ሌባዋ እኔ ነኝ በል። አያቷ ነኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ በእጄ ነው ያነሣሁት፣ ልጅቱ አታውቅም በል።»

«እማማ፣ ሌባ አልልም።»

«በል!»

ጻፈ። የበቅሎዋንም ነገር አስጻፍሁት፣ ሰውየው እንዲገባው ብዬ። ምስጋኑ በበቅሎዋ ላይ ሲደርስ ፈገግ ሊል ጀመረ፤ ፊቴን አየና ተወው። መልሱን ለመስማት ሦስት ቀን ተመላለስሁ። አንዱን ቀን መብራት የለም፣ አንዱን ቀን መስመር የለም። በሦስተኛው ቀን ምስጋኑ ለብቻው አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

«ምን አለ?»

«ጨዋ ሰው ነው፣ እማማ። አልተሳደበም። አያትየዋን ማመን እፈልጋለሁ ይላል። ግን እዚህ ቦታ የተታለለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ ተነግሮታል ይላል። አያት፣ በሽተኛ እናት፣ የተቃጠለ ቤት። እኔ የትኛው እውነት እንደሆነ ከዚህ ሆኜ በምን ልለይ ይላል። ፖስታውን እመልሳለሁ፣ ብሬን መልሱልኝ ነው የሚለው።»

«ሌሎቹስ? ሰባቱ?»

«ሁለቱ ለሷ ተከራክረዋል። አምስቱ ዝም ብለዋል። ስሟን ለጥፈውታል።»

ሄንድሪክን ልረግመው አፌን ከፈትሁ፤ ምን ብዬ ልርገመው? እኔም እሱን ያላመንሁት ፊቱን አላየሁትም ብዬ ነው።

ሰብሌ ከኮሌጁ ብሩን ለማስመለስ ወልድያ ደርሳ ተመለሰች። የተከፈለ አይመለስም ብለዋታል።

«እንግዲያ ተማሪበት!» አልኋት። «አንድ ዓመት ተማሪ። እሱ ምን ሊያደርግ? ፖሊስ ይልካል? ባሕር ማዶ ነው!»

«አምኖ ነው የላከው።»

«እኔስ? እኔ ምን ልሁን?»

«የሰው ብር ወስዳ የተማረች ነርስ ማንን ልታክም ነው?» አለች፤ የሚናገረው አፏ ብቻ ነበር። «ደብሪቱ ቅድሚያ ብር ትሰጠኛለች። ከደሞዜ ትቆርጣለች። ለሄንድሪክ ስለሚላከው ትናንት ባንክ ጠይቄያለሁ፤ ከዚህ ወደዚያ መላክ ስለማይቻል አንድ አስጎብኚ በሚያውቃቸው ፈረንጆች እጅ አደርሰዋለሁ ብሎኛል። ጽፌለታለሁ። እሺ ብሏል።»

«ሰብሌ፣ የኔ እናት፣ ቦታዬን እሸጣለሁ። ቤቱን እሸጣለሁ።»

«ቤቱ የቀበሌ ነው፣ እምዬ።»

እውነቷን ነው። የቀበሌ ነው። ጭንቀት ይህንንም አስረስቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዐሥር ቀን ያህል አንድ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ኖርን። ፓስፖርት ወጣ። ፎቶ ተነሣች። ቆርቆሮውን ለምስጋኑ አደራ ሰጠችው እንጂ ለኔ አልሰጠችኝም፤ ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። እኔ በየቀኑ ለንስሐ አባቴ እያለቀስሁ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም አነጋገሯት፤ አንገቷን ደፍታ ሰምታቸው፣ መስቀል ተሳልማ ተመለሰች።

የሄደችበት ጧት የጋሸናው መኪና መንገድ ላይ ጥሩንባ ሲነፋ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላሳልፋትም ብዬ። እንጀራ በአገልግል ቋጥሬላት፣ ሻሿንም አጥቤ፣ በእጄ ይዣለሁ። የምላትን ሌሊቱን ሁሉ ስሰናዳ አድሬ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ስትደርሺ ደውይ» አልሁ። «በምስጋኑ ስልክ ደውይ። ምን ይሉሻል፣ ምን ያበሉሻል፣ ንገሪኝ። ሰብሌ? በር የሚቆልፉብሽ ከሆነ ንገሪኝ። ተቆጪኝ እንኳ። ስደቢኝ።»

አገልግሉን ከእጄ ተቀበለች። ሻሿን ተቀበለችና አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው። ቦርሳዋን አነሣች፤ ትከሻዋ ላይ አልይዝ ብሏት ሁለት ጊዜ አስተካከለችው። ከዚያ ክንዴን በተላጠ እጇ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ አሮጌ መዝጊያ እንደሚገፋ ወደ ጎን አደረገችኝ፤ ደጁን አልፋ ቁልቁል ሄደች።