ከሐምራዊው መደብ የወጣው ዋግ

ነጭ ዋግ ተንኮለኛ በሽታ ነው። ከላይ ቅጠሉን ያሳምርና ከሥሩ ነጭ ብጉር ይደረድራል። አበባ አብቃይዋ ባሏን ከቀበረች ሦስት ዓመቷ ነው። እሱ ያዳቀለው፣ በመፀው የሚያብበው ሐምራዊ ክሪሳንተመም ከእሷ ጓሮ ሌላ የትም የለም፤ ዋጉ ደግሞ አይቶ አይቶ የገባው እዚያ መደብ ላይ ነው።

የተክል ሐኪሙ ለምርመራ በሚመጣበት ጠዋት መደቡን ነቅላ ጓሮ እሳት ላይ ጣለችው። አንዲቱን ግን አንጀቷ አልቆርጥ ብሎ በቆርቆሮ ተክላ ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ሸጎጠቻት።

ልጇ አየቻት። "እማዬ፣ አብደሻል እንዴ? በእሷ ጦስ የኔ አራት መቶ እግር አበባ ይቃጠል?"

"ንጹሕ ናት። በመነጽር አገላብጬ አይቻታለሁ።"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?"

"ዝም በይ፣ መጣ።"

ሐኪሙ ቁጥብ ሰው ነው። የልጅቷን መደብ ቅጠል በቅጠል ሲያይ ቆይቶ ሁለት የታመሙ እግሮች አገኘ። እናትየው ክው አለች።

"ጠዋት ጠዋት የሚከረክሙት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

"ከየትኛው መደብ ይጀምራሉ?"

ሦስት ዓመት ሙሉ ሐምራዊውን እንደምን አደርክ ሳትል ሥራ ጀምራ አታውቅም። ከዚያ በዚያው መቀስ፣ ሳትጠርገው፣ ወደ ልጇ መደብ። ወይ ጉድ፣ በገዛ እጇ ነው ያጋባችው።

"ከባሌ" አለች።

ሐኪሙ ሁለቱን አስነቀለ። "መቀሱን በአልኮል ይጥረጉ። ዋጉ ሳይታይ ሁለት ሳምንት ሊደበቅ ይችላል፣ ንጹሕ የሚመስለውን አይመኑ። ሌላ የቀረ ከሌለ ይኼ መደብ ይተርፋል" ብሎ የምርመራ ወረቀቱ ላይ ሊፈርም እስክሪብቶውን አወጣ።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ብትናገር እናቷን ማዋረድ ነው፣ ዝም ብትል ልፋቷ ሁሉ ገደል መግባቱ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች።

"አንዴ ይቆዩኝ" አለች እናትየው።

ቤት ገብታ ቆርቆሮውን አቅፋ ወጣች። ተክሏ ሁለት እንቡጥ ይዛለች። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ በእጁ ወደ እሳቱ አመለከታት።

ገና ስትጥላት ልጅቷ ተንደርድራ እጇን ወደ እሳቱ ሰደደች። ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ፣ "የአባዬ ናት፣ ሌላ የለንም" እያለች ታለቅሳለች።

እናትየው ክንዷን ለቀም አደረገቻት። "ተያት። ሦስት ዓመት እሱን ሳስቀድም አንቺን አላየሁሽም።"

ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።