የኡስታዝ ፈርሐን አምፕሊፋየር

ከአምማን ብዙ በማትርቀው ማደባ ከተማ ውስጥ የመኪና ቴፕና ስፒከር በመግጠም እንደ ዓሲም ስሙ የተጠራ ባለሙያ አልነበረም። ዓሲምን ደግሞ እንደ ኡስታዝ ፈርሐን የጠላው ሰው አልነበረም። ኡስታዝ ፈርሐን ሠላሳ ሁለት ዓመት ዐረብኛ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ብዕራቸውን ወደ ማዘጋጃ ቤት አዞሩ። መስኮት የሚያንቀጠቅጥ መኪና በበራቸው ባለፈ ቁጥር አቤቱታ ይጽፋሉ። ሰዋስዉ ከማማሩ የተነሣ ጸሐፊዎቹ ጮክ ብለው እየተቀባበሉ ያነቡት ነበር ይባላል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ደብዳቤው ድንገት ቆመ። "ሐጅ አድርገው መጡና ልባቸው ራራ" አለ ሰፈሩ። ዓሲምም አመነ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኡስታዙ ነጭ መኪናቸውን ሱቁ በር ላይ አቆሙ። ዓሲም የያዘውን ፒንሳ ጥሎ ብድግ አለና የአርባ ዓመት ሰው መሆኑን ረስቶ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ።

"እንኳን ደህና መጡ ኡስታዝ! ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

"ምን?"

"ምን አጠፋሁ ነው የምልዎት!"

"ጮክ በል። ጆሮዬ እኮ ሄዷል።"

ዓሲም አሁን ገባው። ለካ የልብ መራራት የተባለው የጆሮ መድከም ኖሯል!

ኡስታዙ ግራ ቀኙን ቃኝተው በሹክሹክታ ነገሩት። ዓርብ የመጨረሻ ልጃቸውን ሩላን ይድራሉ። በትልቁ ልጃቸው ሰርግ የከበሮ መቺውን እጅ አዩ እንጂ ድምፁ አልደረሳቸውም፤ ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላ ብቻቸውን ሲያጨበጭቡ በቪዲዮ ተቀርጸዋል። ቤተሰቡ ያንን ቪዲዮ በየዒዱ ያየዋል።

"ባለፈው ያንተ ደንበኛ መኪና የትራፊክ መብራት ላይ አጠገቤ ቆመ። ልረግመው አፌን ስከፍት ደረቴ ውስጥ ድም፣ ድም አለ። ጆሮዬ የተወውን ጎድኔ ሰማው፣ ዓሲም! እሱን ግጠምልኝ። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቴፕ ግን እንዳይነካ፤ አንዲት ብሎን ብትታይ አልቀበልህም። ባለቤቴ የምታውቀው ባትሪ ሊያስቀይር ሄደ ብላ ነው። ምስጢር ነው።"

"ምስጢርዎ ከእኔ አይወጣም!"

"ምን አልከኝ?"

"ቤዝ እንደሚያስገጥሙ ለማንም አልናገርም!" ብሎ ዓሲም ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን አሰገገ። ዶሮ ሻጩም አሰገገ። እስከ ቀትር ድረስ ምስጢሩ ያልደረሳቸው የኡስታዙ ባለቤት ኡም ሙንዚር ብቻ ነበሩ።

የፋብሪካ ቴፕ ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ የለውም። ዓሲም ከስፒከር ሽቦ ላይ ድምፁን ቀድቶ የሚያቀብል ትንሽ መለወጫ አስገባ። ከባትሪው ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ፊውዝ አስሮበት በምንጣፉ ሥር እስከ ኋላ፣ ድምፅ አጉሊው አምፕሊፋየር ድረስ ሳበው። ለጥቁሩ ሽቦ የመኪናውን ቀለም ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፍቆ ከቆርቆሮው ጋር በብሎን አጠበቀው፤ ቀለሙ ሲፋቅ ኡስታዙ ፊታቸውን አዞሩ። ትልቁን የቤዝ ስፒከር ከነሳጥኑ የኋላውን ወንበር ጀርባ አስደግፎ አሰረው። የሰነፈው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የኋላውን ስፒከር ሽቦ ለማግኘት ወንበር መንቀል ነበረበትና "ድምፅ ያው ድምፅ ነው" ብሎ ከፊት በር ስፒከር ጠለፈ። ኡስታዙ በደንብ እንዲሰማቸውም ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀረውን ማጣሪያ ወለል አድርጎ ከፈተው።

ሲጨርስ ኡስታዙን ኋላ አስቀምጦ የሰርግ ከበሮ ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስ በቀስ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ።

ዓሲም ደፈር አለ። "ስምንተኛ ክፍል ዴስክ ላይ ከበሮ ስመታ ሦስት ጊዜ አባረውኛል! ስለረበሽኩ ነው አይደል?"

"የለም፣ ልጄ" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ምት ትስት ነበር።"

ዓርብ ከሰዓት ሰርገኛው ጥሩምባውን እያንባረቀ ወጣ። ፊት የሙሽሮቹ መኪና፣ ቀጥሎ የሙሽራው የቁታይባ እናት፣ ሦስተኛ የኡስታዙ፣ ከኋላ ሃያ ምናምን መኪና። የኡስታዙን መኪና የሚነዳው ዓሲም ነው፤ ኡስታዙ ኋላ ሳጥናቸውን ተደግፈዋል፤ ኡም ሙንዚር ከፊት ናቸው። ከበሮው ሲጀምር የሴትየዋ ሻሽ ተርገበገበ። ዞረው ባላቸውን ገላመጡ።

"ባትሪ ሲዘፍን ዛሬ ገና ሰማሁ" አሉ።

አደባባዩ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፤ መኪናው ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ ቆመ። የኡም ሙንዚር ስልክ የጠራው ያኔ ነው። ስልኩ ከመኪናው ቴፕ ጋር የተገናኘ ነውና ከበሮው ቀጥ አለ። ሴትየዋም እንደ ልማዳቸው ቴፑ ላይ አረንጓዴዋን ቁልፍ ነካ አደረጉ።

የኡስታዙ እህት ዋጂዳ ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ። ስልክ የሚናገረው ዓሲም በጠለፈው የፊት በር ስፒከር ነውና ድምፅዋ በዚያ ሳጥን አልፎ ሲወጣ እንደ ግመል ነጋዴ ጎርንኖ፣ አደባባዩን ሞልቶ ነው።

"ረስታችሁኝ ሄዳችሁ አይደል! ተኳኩዬ በር ላይ ተገትሬ!"

"ዋጂዳ፣ ቆይ ዝም በይ..." አሉ ኡም ሙንዚር።

"ዝም አልልም! እሱስ ይቅር፣ የቁታይባን እናት ግን ከመኪና እንዳትወርድ ንገሯት! ቀሚሱን ላስፋልሽ ብላት 'ቀጭን ነኝ' ብላ አሻፈረኝ አለች። ያንን ስፌት የያዘው ክር አይደለም፣ የአላህ ትዕግሥት ነው!"

ዓሲም ስልኩን ለመዝጋት ያገኘውን ሁሉ ነካካ፤ የዝናብ መጥረጊያው ተነሣ። መንገደኛው ቆመ። ኋላ ኡስታዙ ግን ወፍራሙ ድምፅ ጎድናቸውን ሲኮረኩራቸው "ያ ሰላም!" ብለው በእህታቸው ንግግር ምት ማጨብጨብ ያዙ።

ከፊት ያለው መኪና በር ተከፈተ። የቁታይባ እናት አንድ እግራቸውን አወጡ፤ ዓይናቸው እሳት ነው። ሁለተኛውን አስከትለው ቀጥ ሲሉ ቀሚሱ ተርርር አለ። እሱን ለመስማት አምፕሊፋየር አላስፈለገም።

ሴትየዋ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ጭንቅላታቸው በመስኮት ወጣ።

"ዋጂዳ!"

"አቤት?" አለ ወፍራሙ ድምፅ፤ ደንገጥ ብሎ።

"መርፌሽ አጠገብሽ ነው?"

"መርፌዬ መቼ ተለይቶኝ ያውቃል?"

"በይ ክር አስገቢ፣ መጣሁ።"

ሰርገኛው እንዳለ ወደ ዋጂዳ ቤት ዞረ። ኡስታዙ የዓሲምን ትከሻ ነካ አደረጉ።

"ዓሲም፣ ያቺ ዘፋኝ ማን ናት?"

"እህትዎ ናት!"

"ማንም ትሁን፣ ድገምልኝ! እንዲህ ያለ ምት ከሰማሁ ዘመኔ።"

ኡም ሙንዚር ሊቆጡ ዞረው የባላቸውን ፊት ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ።

ዋጂዳ በር ላይ ስፌቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ዓሲም በዚያ መሐል ስልኩን ከቴፑ ነጠለ፤ ማጣሪያውንም ልኩ ላይ መለሰው። ሩላ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከሙሽሮቹ መኪና ወረደችና አባቷ ጎን ገባች። መዳፏን ወንበሩ ላይ ጫን አደረገች።

"በዚህ ነው እንዴ ባባ የምትሰማው?"

አልሰሟትም፤ ግን ገባቸው። እጇን ይዘው ሳጥኑ ላይ አስደገፏትና ለዓሲም ምልክት ሰጡት። ከበሮው ተነሣ። አባትና ልጅ አብረው አጨበጨቡ፤ አንድም ምት አልሳቱም። ሰው ከየመኪናው ወርዶ መንገዱ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ የዳብኬ ጭፈራ ያዘ። ዓሲም መሪውን ጨብጦ በመስታወት ሲያያቸው አቧራ የገባበት ይመስል ዓይኑን አሸ።

የቁታይባ እናት ሲወጡ ጎንና ጎናቸው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተጨምሯል፤ ሌላ ቀለም አልተገኘም። አዳራሹ ሲደርሱ ሩዙ ደርቆ፣ የእርጎው መረቅ ቀዝቅዞ ወጥ ቤቱ እየተራገመ ነበር። ሴትየዋ ዋጂዳን እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት። አረንጓዴውን ያየ ከአምማን የመጣ ዘመድ ሁሉ "ይሄ ደግሞ አዲስ ፋሽን ነው?" ሲላቸው፣ "አዎ፤ ሰፊዋ እሷ ናት" እያሉ በአገጫቸው ያሳዩ ነበር። ዋጂዳ ምግቡ ሳያልቅ ሦስት ቀሚስ እንድትሰፋ ታዘዘች።