ለእማዬ ግድግዳ የቦካ ጭቃ

ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስተምርበት ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ እየመጣሁ፣ ጓሯችን በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ጭድና እበት እየጨመርኩ ረግጬዋለሁ። በደንብ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የቦካው ግን ማገሩን አንዴ ከያዘ ነፋስ አያሳልፍም። እማዬ የምትተኛበት ክፍል የጓሮ ግድግዳው ምርጊት ረግፎ ማገሩ ወጥቷል። ባለፈው ክረምት ሳንባዋን ብርድ መቷት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት እንደማትችል ፊት ለፊት ነግሮናል።

እሁድ በደቦ ልንመርግ ተነጋግረናል። ታላቅ ወንድሜ ሰብሃት ግን ሐሙስ ደወለ። «ዝናቡ ሊገባ ነው ብዬ ሰፈሩን ዛሬ ጠራሁ። ተመርጎ አልቋል፣ አትቸኩይ» አለኝ። እማዬም ስልኩን ተቀብላ መረቀችኝ።

ቅዳሜ ስደርስ እማዬ ጋቢ ደርባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። በጓሮው ግድግዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሰብሃት ነው። ያምራል ብሎ።»

ሰብሃት ለውበት ብሎ ሚስማር የሚመታ ሰው አይደለም። ደግሞ ትኩስ ምርጊት እርጥብ ነው፤ ክፍሉ ጭቃ ጭቃ መሽተት ነበረበት። የሚሸተው አዲስ ጨርቅ ነው። መጋረጃው ሆዱን ነፋ አድርጎ መለሰ። ገለጥኩት። በማገሩ መሃል የጎረቤት እንሰት ይታያል።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጉድጓዱ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። አጥሩ ጥግ ሰብሃት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያከራየው ክፍል ከላይ እስከ ታች ተመርጓል፤ ገና እርጥብ ነው፣ ጠቁሯል። ተከራይዋ ፀደንያ በሩ ላይ ካልሲ ታሰጣለች።

«ሲደርቅ በጣም ይሞቃል ብለውኛል» አለችኝ ደስ ብሏት።

እሷ ምን አጠፋች? ሰብሃትን ሳሎን አገኘሁት።

«ቲቸር፣ መጣሽ?»

«ጭቃው ለማን ነበር?»

«አሁን ደግሞ ልትጀምሪ ነው! ልጅቷ ካልተመረገ ሌላ ቤት አያለሁ አለች። ለእማዬ ሌላ እናቦካለን።»

«መቼ? በክረምት ጭቃ ይደርቃል?»

«እኔ ላይ አትጩኺ። እማዬ ራሷ እሺ ብላለች፣ ጠይቂያት።»

ተመልሼ ጠየቅኳት። ዓይኔን ሳታይ የጋቢዋን ጥለት ትቆነጥር ጀመር።

«ለደቦው ቆጮና ጎመኑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ ስልክ ላይ የመረቅሽኝ ለምኑ ነው?»

«ለድካምሽ።»

«ተነሺ፣ ልብስሽን ያዢ። ሺሺንዳ እኔ ጋ ትከርሚያለሽ።»

«አንቺ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ነው የምትገቢው። አምና ትንፋሽ ሲያጥረኝ ተሸክሞ ያወጣኝ እሱ ነው። ዘንድሮም ቢሆን ያለሁት በሱ እጅ ነው። እሱን ካስቀየምኩት ማን አለኝ?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ብትቆጪም ትመለሻለሽ» አለች።

እውነቷን ነው። ያንገበገበኝም ይሄው ነው። ሰብሃት ኩርፊያው ስለሚፈራ ጭቃውን ወሰደ፤ እኔ ስለማልቀር መጋረጃ ደረሰኝ።

ከጓዳ አሮጌ ማዳበሪያ ጎትቼ አወጣሁና በቢላ እየቀደድኩ በማገሩ መሃል መጠቅጠቅ ጀመርኩ። ማዳበሪያው አልበቃም። መጋረጃውን ከሚስማሩ ነቅዬ ቢላውን ጫፉ ላይ ስሰካ፣ ሰብሃት ብቅ አለ።

«እሱን እንኳ አትቅደጂው» አለኝ፤ «አዲስ እኮ ነው።»

እማዬን አየኋት።

«ተዪው ልጄ» አለች፣ «መልሰሽ ስቀይው።»