ኢንዶኔዥያኛውን አጥፊው

የዓሣ መንጠቆው ዘንግ የሱቁን መስታወት ሰብሮ ሲገባ ፒ-ሺያ የአንድ ጀልባ ሬድዮ ፈታ ሽቦ እየበየደች ነበር። ስብርባሪው ጠረጴዛው ላይም ፀጉሯም ውስጥ ዘነበ። ቀና ስትል ታላቅ ወንድሟ ኩን-ሹንግ በተሰበረው በኩል ቆሟል። የጎማ ቦቲውን አላወለቀም። አፉ እንደ ጫት በሚያኝከው የቢንላንግ ፍሬ ቀልቷል፤ ዘንጉን አሁንም በሁለት እጁ እንደያዘ ነው።

"ማን ነው የከሰሰኝ?" አላት።

"ምን ሆነሃል፣ ወንድም ጋሼ? አብደሃል እንዴ?"

"ማን ነው ያልኩሽ!"

ዘንጉን መልሶ ሰነዘረው። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የተጠገኑ ሬድዮኖች ተራ በተራ መሬት ወረዱ።

ነገሩ የመጣው ጠዋት ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የኩን-ሹንግን ጀልባ "ጂን-ፋ"ን ወደቡ ላይ እንደታሰረ አስቁመውት፣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ልብሳቸውን አስገልጠው የዱላ ምልክት ፍለጋ ጀርባቸውን አይተው፣ ጀልባው ንቅንቅ እንዳይል ትእዛዝ ሰጥተው ሄዱ። የዶንግጋንግ ወደብ ካፒቴኖች በሙሉ የቱና ዓሣውን ተከትለው ባሕር ላይ ናቸው። እሱ ብቻ የብስ ላይ ቀርቶ የሰው መሳቂያ ሆነ። ጥቆማው የደረሳቸው በስልክ መተግበሪያ እንደሆነ አንዱ ተቆጣጣሪ አምልጦት ተናግሯል፤ ያ መተግበሪያ ደግሞ ፒ-ሺያ የምትሠራበት "የባሕር ፋኖስ" ነው።

መተግበሪያውን የሠሩት ሺንጁ ከተማ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ያለ ክፍያ የሚወርድ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፤ ያሻው ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ባሕር ላይ ወይ ፋብሪካ ውስጥ የሚደበደብ፣ ደመወዙን የተነፈገ ሰው ለእሱ የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር በራሱ ቋንቋ አንብቦ ይነካዋል፤ መልእክቱ ለሚረዱት ሰዎች ይደርሳል። ፒ-ሺያ ኮድ አታውቅም። የእሷ ሥራ ተርጓሚዎቹን መምራት ነው። የኢንዶኔዥያኛውን፣ የቬትናምኛውን፣ የታይኛውን በጎ ፈቃደኞች ታስተባብራለች፤ ዓረፍተ ነገር ታከፋፍላለች፣ ሲጣሉ ታስታርቃለች፣ ያለቀውን ታጸድቃለች። ደንበኛ በሌለ ሰዓት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ሆና ነው የምትሠራው።

"እኔ የማየው ትርጉሙን ብቻ ነው" አለችው። "ማን ምን እንደላከ አላይም። ማየትም አይፈቀድልኝም።"

"ውሸታም!" በጥፊ መታት። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። "ይሄስ? ይሄ ማነው? አንብቢው!"

ተርጓሚዎች የሚመሰገኑበት ገጽ ነበር። በኢንዶኔዥያኛው ሥር ሁለት ስም አለ፤ ያንቲ እና ታርጆኖ። ሁለተኛውን በእጇ የጻፈችው ፒ-ሺያ ናት።

ታርጆኖ የጂን-ፋ ሠራተኛ ነው፤ የኢንዶኔዥያዋ የተጋል ከተማ ሰው፣ ቀጭን፣ ምላሱ ፈጣን። አንድ ቀን ውኃ የገባበት ስልክ ይዞላት መጥቶ ሳለ ጠረጴዛዋ ላይ የተከፈተውን ኢንዶኔዥያኛ አንብቦ እስኪያስለው ሳቀ። "እትዬ፣ ይሄን የጻፈው ሚኒስትር ነው?" አላት። "'በአካሌ ላይ ጉዳት እየደረሰብኝ በመሆኑ አስቸኳይ እርዳታ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ'! ሰውየው ይህን አንብቦ እስኪጨርስ እኮ ቀብሩ ያልፋል!" ቁጭ ብሎ "እየመቱኝ ነው" ብሎ ለወጠው። ያንቲ፣ ታይጁንግ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት የምትሠራውና የመጀመሪያውን የጻፈችው ሴት፣ ተቆጥታ ደወለች። "የመርከብ ወለል የሚያጥብ ሰው ቋንቋ ሊያስተምረኝ ነው?" እሱም ከኋላ ሆኖ "አዎ፣ ወለሉ ላይ የሚጮኸውን ቋንቋ!" ብሎ መለሰላት። ፒ-ሺያ ለእሱ ፈረደች። ከዚያ ወዲያ ጀልባው ወደብ በገባ ቁጥር መጥቶ ይሠራ ነበር፤ በመጨረሻም ያንቲ ራሷ አስቸጋሪውን ቃል "ለዚያ ለባለጌው ስጪው" ማለት ጀመረች። ስሙን በሙሉ እንድትጽፍለት የጠየቃት እሱ ነው። የውሸት ስም ይሻላል ብትለው "ምን ሰርቄ? እናቴ ለጎረቤት ታሳይበታለች" አላት።

"የት ነው ያለው?" አለች አሁን።

"ማን?"

"ታርጆኖ የት ነው፣ ወንድም ጋሼ?"

ኩን-ሹንግ ቀይ ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ አለ። "ዓሣ እንዳይበላሽ የት ነው የሚቀመጠው?"

የብየዳው ብረት እጇ ላይ እንደጋለ ነበር። ሳታስበው ክንዱ ላይ ተከለችው። ቆዳው ችስ አለ። ኩን-ሹንግ እንደ በሬ አገሳና በእጁ ጀርባ ፊቷን አጮላት፤ ከወንበሯ ጋር ተገልብጣ ሬድዮኖቹ ላይ ወደቀች። ልትነሣ መሬቱን ስትደገፍ በቦቲው ግራ እጇን ረገጠው። ከሥሩ መስታወት ነበረ። ጮኸች። በተሰበረው በኩል የምታየው የዓሣ ገበያ መንገድ ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ አንድም ወደ ውስጥ የገባ የለም። ኩን-ሹንግን ሁሉም ያውቀዋል።

"እዪ" አለ፣ እግሩን ሳያነሣ። ጎንበስ ብሎ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፈተላት።

የወደቡ የበረዶ መጋዘን ነው። የታርጆኖ ቀኝ እጅ በብረቱ በርና በመቃኑ መካከል ገብቷል። በሩን የሚገፋው ሰው አይታይም፤ ሲስቅ ግን ይሰማል፤ ሳቁን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከዚያ የታርጆኖ ድምፅ መጣ። ፒ-ሺያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጆሮዋን ግን መክደን አልቻለችም።

"ሁለተኛ አይጽፍም" አለ ኩን-ሹንግ። "አሁን አንቺ ተነሺና ኢንዶኔዥያኛውን አጥፊው። እኔ እያየሁ። ያኔ የመጋዘኑን ቁልፍ እሰጥሻለሁ። አይ ካልሽ እዚያው ይደርቃል፤ ሸርተት ብሎ ባሕር ገባ እላለሁ።"

"ቻይንኛ ማንበብ የማይችሉ አሉ። አሁን በዚህ ደቂቃ ባሕር ላይ…"

"እኮ! እነሱ እንዳያነቡት ነው!"

እግሩን አነሣላት። የተወጋ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ በአንድ እጅ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የጠፋውን ጽሑፍ ሌሎቹ አይተው እንደሚመልሱት ታውቃለች፤ ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። ይህን ግን ለወንድሟ አልነገረችውም። የምታውቀው ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉ ወደ ስልኮቹ የሚሄደው በቀጥታ ከዚሁ ነው፤ እስኪመለስ ድረስ መተግበሪያውን የሚከፍት ኢንዶኔዥያዊ ባዶ ገጽ ነው የሚያገኘው። በረዶው ውስጥ ያለውን ሰው አሰበች። ስሙንና መልኩን ታውቃለች፤ ባሕር ላይ ሆኖ የሚከፍተውን ግን አታውቀውም።

ሁሉንም መረጠች። ምክንያት የሚጠይቀው ሳጥን ሲመጣ "ስህተት አለበት" ብላ ጻፈችና ማጥፊያውን ነካች። ያ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ዓይኗ እያየ ነጭ ሆነ።

ኩን-ሹንግ ጎንበስ ብሎ አየና ቁልፉን ስብርባሪው ላይ ወረወረላት። የተቃጠለ ክንዱን እያራገበ ወጣ። በር ላይ ዞር አለ።

"ማታ እማዬ ዘንድ እራት አለ። እንዳትቀሪ፤ ታዝንብሻለች።"

ቁልፉን አንሥታ ወደ መጋዘኑ እየሮጠች አምቡላንስ ጠራች። መጋዘኑ በር ላይ ሁለት የጂን-ፋ ሠራተኞች ቁጢጥ ብለዋል፤ አንዱ ወጥ ቤቱ ነው፣ ጉልበቱን አቅፎ ያለቅሳል። ቁልፉ በአንድ እጅ አልዞር አላት፤ ወጥ ቤቱ ተነሥቶ ከፈተው። ታርጆኖ የተፈጨው በረዶ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ቀኝ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎታል፤ በረዶው ሥሩ ቀልቷል። ተሸክመው ፀሐይ ላይ አወጡት። ፒ-ሺያ ጃኬቷን አለበሰችው፣ ግንባሩን በመዳፏ አሸችው።

"እትዬ" አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። "ኢንዶኔዥያኛውን አስጠፋዎት፣ እንደዛተው?"

"አጠፋሁት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ሊስቅ ሞክሮ አቃሰተ። "ከያንቲ ጋር የተጣላሁበትን ሁሉ?"

"ዝም በል አሁን። ታርጆኖ፣ ጥቆማውን የላክኸው አንተ ነህ?"

ራሱን ነቀነቀ። "አይደለሁም። ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። በሩን ሲገፋብኝ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።"

ወጥ ቤቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፒ-ሺያም ሌላ አልጠየቀችም።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ የፒ-ሺያን እጅ እየሰፋች የታርጆኖን ነገረቻት። ሁለቱ ጣቶች አይተርፉም፤ ሦስተኛው አጠራጣሪ ነው። ቀዶ ጥገናው ተጀምሯል። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ መጥቶ በትሕትና ባርኔጣውን አወለቀ።

"እትዬ፣ ካፒቴኑን አነጋግረነው ነበር። ሠራተኛው በረዶ ሲያወጣ በሩ በነፋስ ተዘግቶበት ነው ብሏል። እርስዎ እንደሚመሰክሩለት ነግሮናል።"

"እኔ?"

"እህቱ ነዎት አይደል?"

ከመመለሷ በፊት ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። ፒ-ሺያ ፖሊሱን በእጇ ይቅርታ ጠይቃ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ልጄ፣ ተጎዳሽ እንዴ? ኩን-ሹንግ አምልጦኝ መታኋት አለኝ። እያለቀሰ ነው እኮ።"

"የሰው ጣት ቆረጠ፣ እማዬ።"

"ሰምቻለሁ። ጣት ነው፤ ሰው አልሞተ። አባትሽን ባሕር ሲበላው ትምህርቱን ጥሎ መረብ የሳበው ለማን ነው? ያቺን ሱቅ ማን ከፈተልሽ? ለባዕድ ሰው ብለሽ ወንድምሽን ታሳስሪያለሽ?"

"እማዬ፣ ሲገፋው እየሳቀ ነበር።"

እናቷ "እራት አስቀምጥልሻለሁ" ብላ ዘጋች።

ስልኩን ኪሷ ሳትከት እንደገና ጠራ። የአሁኑ ጉዎ-ሊን ነው፣ ከሺንጁ፣ መተግበሪያውን ከጀመሩት ልጆች አንዱ። ሁልጊዜ የሚቀልድ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ድምፁ ደርቋል።

"እትዬ ፒ-ሺያ፣ ኢንዶኔዥያኛው በሙሉ በእርስዎ ስም ጠፍቷል። አሁን ነው ያየነው፤ መልሰነዋል። እርስዎንም አግደንዎታል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደንቡ ነው።"

"መመለሱ ነው የሚበጀው። ደግ አደረጋችሁ።"

"አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ከሌላ ከሚሰሙት። ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ አንድ ሰው ከባሕር ላይ ከፍቶት ነበር። ደጋግሞ። በየትኛው ጀልባ እንዳለ አናውቅም። ከተመለሰ ወዲህ ግን አልከፈተውም።"

ፒ-ሺያ መስኮቱን ተደገፈች። ከሥር የመኪና ማቆሚያው ላይ ሰዎች እየሳቁ የአንድ ሕፃን ልጅ ፊኛ ያሳድዳሉ።

"እየሰሙኝ ነው?"

"እሰማለሁ።"

"ለምን እንዳደረጉት ሰው ሁሉ እየጠየቀ ነው። ያንቲ ተሳድባ ጽፋለች። እኔ ግን አውቅዎታለሁ። ለብቻዬ ይንገሩኝና በበኩሌ 'በስህተት ነው' ብዬ እዘጋዋለሁ። ነገ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ። የቤተሰብ ጉዳይም ከሆነ ማንም ማወቅ የለበትም።"

"አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ" አለችው። "ሁሉም የሚያየው ገጽ ላይ መጻፍ እችላለሁ? እንደታገድኩ?"

"አስተያየት መጻፍ ይችላሉ። ግን እትዬ፣ እዚያ የተጻፈ አይጠፋም። እርስዎ ቢፈልጉም እንኳ።"

"አውቃለሁ። ለተርጓሚዎቹ ሁሉ የምነግረው እኔ አይደለሁ?"

ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፖሊሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ይጠብቃታል፤ አያስቸኩላትም። ግራ እጇ በፋሻ ታስሯል፤ በአንድ አውራ ጣት መጻፍ ጀመረች።

"ኢንዶኔዥያኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስህተት የለበትም። ተርጓሚያችንን ታርጆኖን የበረዶ መጋዘን ውስጥ ቆልፎ፣ እጁን በብረት በር ቀጥቅጦ፣ ካላጠፋሽው ይሞታል ያለኝ የጂን-ፋ ጀልባ ካፒቴን ሁንግ ኩን-ሹንግ ነው። ቪዲዮው ስልኩ ውስጥ አለ፤ አይቼዋለሁ። ባሕር ላይ ሆነህ ከፍተህ ያጣኸው ሰው፣ አሁን ተመልሷል፤ እባክህ እንደገና ሞክር። ያንቲ፣ ለእሱ የጻፍኩትን ዛሬውኑ ተርጉሚልኝ። ኩን-ሹንግ ታላቅ ወንድሜ ነው።"

አንድ ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ባትኖርም የሚጎድል ነገር አልነበረም። አውራ ጣቷን ወደ ማጥፊያው አስጠጋች፤ እዚያው ይዛ ቆየች።

ዓረፍተ ነገሯን እንዳለች ተወቻት። ላከችው፤ ተነሥታም ወደ ፖሊሱ ሄደች።