መቀስ የነካው ሴሎሲያ

ሃያ ዓመት ሙሉ አማት ከጓሯቸው ማንንም አስጠግተው አያውቁም። ሴሎሲያ የሚባለውን አበባቸውን ራሳቸው ይዘራሉ፣ ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ለአበባ ሻጯም ራሳቸው ያስረክባሉ። ዘንድሮ ግን የዓይን ሞራ ያዛቸውና ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይናቸውን በተራ ሊያክም ወሰነ። «ሦስት ወር ጎንበስ ማለት የለም፤ አፈር መንካትም የለም» አላቸው። ጓሮው ታዲያ ማን እጅ ላይ ወደቀ? ምራታቸው እጅ ላይ። ምራት ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመርፌና ከመቀስ በቀር ሌላ አታውቅም። ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም። እዚህ ቤት ከገባች አራት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ «አንቺ» ተብላ ከመጠራት በቀር አደራ የሚባል ነገር ተሰጥቷት አያውቅም።

«አበባ ሻጯ አርባ ራስ አዝዛለች» አሉ አማት ወንበራቸው ላይ ሆነው። «ካበላሸሽው ሌላ ሰው ትፈልጋለች። እኔም ሁለተኛ አላምንሽም።»

ዘሩ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ትንፋሽ ይበትነዋል። «እንዳትቀብሪው፤ ብርሃን ይወዳል። በመዳፍሽ ጫን አድርጊውና ተዪው» አሏት። ዘሩን አፈር በሞላው ሣጥን ላይ በትና፣ ሣጥኑን ስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ ፀሐይ የሚያሞቀው መስኮት ላይ አኖረችው። በስድስተኛው ቀን የክር ቁራጭ የመሰሉ ቀያይ ቡቃያዎች ብቅ አሉ። ባሏን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው። እሱም ቤቱ የተቃጠለ መስሎት በባዶ እግሩ ሮጦ ወጣ።

ሰው ደስ ሲለው እጁ አያርፍም። ችግኞቹ ጓሮ ወርደው ስንዝር እንዳከሉ፣ ሴሎሲያ ጫፉ ሲቀነጠስ ቅርንጫፍ ያበዛል የሚል ነገር ስልኳ ላይ አነበበች። አማቷን ላስደንቅ ብላ በልብስ መቀሷ ሁሉንም ቀነጠሰቻቸው። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ የበቀለው አንዱ ብቻ አመለጣት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ በሳምንቱ የቀረውን አነበበችው። የሚቀነጠሰው ላባ የሚመስለው ዓይነት ነው። የአማቷ ዓይነት፣ የአውራ ዶሮ ጉትዬ የሚመስለው፣ ከተቀነጠሰ ያንን ሁለት ጭብጥ የሚያህለውን ራስ አይሰጥም። እንግዲህ ካነበቡ አይቀር እስከ መጨረሻው ማንበብ ምን ይከፋል?

«አንተ ንገርልኝ» አለችው ባሏን።

«እኔ አላየሁም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። በዓይን ታማሚ ቤት እንዲህ ተብሎ ይማላል?

አማት በየማለዳው «እንዴት ናቸው?» ይላሉ። «ደህና ናቸው፣ እማዬ» ትላለች ምራት። ውሸትም አልነበረም። እያንዳንዱ ግንድ አምስት ስድስት ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ በየጫፉ ትንንሽ ቀያይ ጉትዬዎች አበቡበት። ከፋይ ጨርቅ የለመደ እጇ እንኳ እንዲህ የለሰለሰ ነገር ነክቶ አያውቅም። ፈርታለች፣ ግን ደስታው አላስቀምጥ ስላላት ፊቷን ሳትታጠብ ጓሮ ትሮጣለች።

ሐኪሙ ጎንበስ ማለትን በፈቀደ ማግስት አበባ ሻጯ መጣች። አማት ጓሮ ሊወጡ ሲነሱ ምራት በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ጫፋቸውን ቆርጬዋለሁ።»

«የሁሉንም?»

«ከበርሜሉ ጀርባ ካለው በቀር።»

አማት አልፈዋት ወጡ። ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አበባ ሻጯ ግን ጎንበስ ብላ አንዱን ግንድ ከሥሩ ይዛ ነቀነቀችው፤ አንገቱ አልተልፈሰፈሰም፤ ለመቆረጥ ደርሷል። ሦስት ቆርጣ አንድ ላይ ያዘቻቸው።

«እማማ፣ አይቀየሙኝና ያንን ትልቁን ስንት ዓመት በቢላ እየሰነጠቅሁ ነው እቅፍ ውስጥ የማስገባው። የምፈልገው ይህን ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገርሽኝ?»

«እርስዎን ማን ደፍሮ?»

አርባውን እዚያው ወሰደች፤ የተረፈውንም አድርቁልኝ ብላ ሄደች። ምራት እየሳቀች አለቀሰች። የተረፈውን ቅጠሉን አራግፈው ጨለም ባለው ጓዳ ውስጥ ቁልቁል ሰቀሉት፤ ያ ከመቀስ ያመለጠውም አብሮ ተሰቀለ። ከሥሩ ወረቀት አነጠፉ። ሲደርቅ ዘሩ ወረቀቱ ላይ ረገፈ፤ አማትም በታከመው ዓይናቸው አንድ በአንድ ለቀሙት።

ቀጣዮቹ ችግኞች ስንዝር ያከሉ ዕለት አማት ዱካ ስበው ከረድፉ ዳር ተቀመጡ። የምራታቸውን የልብስ መቀስ ይዘዋል።

«ነይ ልጄ» አሏት። «የቱ ጋ እንደሚቆረጥ አሳዪኝ።»